የትርሲት ዋስ

ነጅማ ተከራይ የምትመርጠው ምራት እንደምትመርጥ ሴት ነው፤ እንከን ሳታወጣ አትመልስም። ድሬዳዋ አድጋ፣ ድንበር ተሻግራ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባል ሰፈር ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች፣ ሰው የማትንቅ፣ ሰው የማታምንም ናት። ያለፈው ተከራይ አምፖሉን ሳይቀር ነቅሎ ጠፍቶባታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

ያን አርብ ክፍሉን ልትከራይ የመጣችው ትርሲት ዕቃዋ አንድ ፌስታል ብቻ ነበር።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ልብስ አጥባለሁ እትዬ። አምቡሊ ሰፈር፣ ሲጠሩኝ።»

«ካልጠሩሽስ?»

ትርሲትን አስጠግታት የነበረችው ጓደኛዋ አገሯ ገብታለች፤ ዛሬ ክፍል ካላገኘች እሷም ማንም ወደማይጠብቃት አገሯ ከመመለስ ሌላ መንገድ የላትም። ይህንንም አልደበቀችም።

«እንግዲያው ዋስ ጥሪ፤ የወር ደመወዝ ያለው» አለች ነጅማ።

የትርሲት ፊት በራ። «ሙሚን አለልኝ! ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ ነው የሚሠራው። ከአራስነቱ ሥራ እስኪይዝ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አስቸግሬው አላውቅም።»

ስልኳ ከተሰበረ ወር ቢያልፈውም ቁጥሩን በቃሏ ነገረቻት። ነጅማ ድምፁን ለሁለቱም እንዲሰማ ከፍታ ደወለች፤ በሱማሊኛ ጠየቀችው። ሙሚንን ሳል ያዘው። ሳሉ ሲለቀው፣ «የቤት ሠራተኛችን ነበረች። ዋስ አልሆንም» ብሎ ዘጋው። ትርሲት ያን ሁሉ ዓመት ሱማሌ ቤት ኖራለችና አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

«ያሳደግሽው ልጅ ያላመነሽን እኔ ምን ብዬ ልመንሽ?»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነጅማን ራሷንም ከበዳት፤ ግን አልመለሰችውም።

ትርሲት ፌስታሏን አነሳች። «ልጅ እኮ ነው» አለች። «ሳሉ ግን አልተወውም። ደረቱን አሽቼ ነበር የማስተኛው።» በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ምናልባት ከደወለ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይተው በይልኝ።»

የከሰዓቱ የአሱር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ሙሚን ነው። አሁን የሚናገረው በአማርኛ ነበር፤ ቃል ሲጎትት እንኳ ቁርጥ ትርሲትን።

«ይቅርታ እትዬ። ቅድም እናቴ አጠገቤ ነበረች። ልጄን ቀማችኝ ብላ ነው ያሰናበተቻት፤ ስሟ ሲነሳ ታለቅሳለች። ዋስ እሆናለሁ፤ ያሉኝን እፈርማለሁ። እባክዎ አገናኙኝ።»

ነጅማ ስልኩን እንደያዘች ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ወጣች። መንገዱ ከመስጊድ በሚመለስ ሰው ተሞልቷል፤ ፌስታል የያዘች ሴት ግን የለችም። የጥጉን ባለሱቅ ጠየቀችው፤ አላየም። ሥራዋን ጠይቃታለች፣ ዋሷን ጠይቃታለች፤ በየት በኩል አገሯ እንደምትገባ ግን አልጠየቀቻትም። ያን ስለታም ምላሷን ረገመችው።

«ሄዳለች ልጄ። በየት በኩል እንደሄደች አላውቅም።»

ሙሚን መልስ ሊሰጥ ሲል ሳሉ ቀደመው። ነጅማ እስኪያባራለት ጠበቀች። እንባዋ መጥቶ ነበር፤ ለልጁ የምትሰጠው ሌላ ምንም አልነበራትም።

«ቀዝቃዛ ውሃ ተው ብላሃለች» አለችው።