ቀጄላ የሰበረው መስኮት

«ማነው ይህን መስኮት የከፈተው? ኀዘንተኛዋን ብርድ ሊመታት ነው እኮ!» አለችና ማሚቴ ብድግ ብላ የእንጨቱን መዝጊያ ጠረቀመችው። ጎረቤት ናት፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ቤቱን የምታዘው እሷ ሆናለች። ጫልቱ ፍራሽ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ባሏ ቀጄላ ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ከበሩ አጠገብ ሁለት ሴቶች ንፍሮ እየዘገኑ ይንሾካሾካሉ።

«የሳንባ በሽታ ነው አሉ።»

«ኧረ ንዴት ነው የገደለው። የመሥሪያ ቤቱን መስኮት ሰብሮ ተገምግሞ የለ? የሕዝብ ንብረት አጥፊ ተብሎ።»

ጫልቱ ሰማቻቸው። ሞቱስ ሞት ነው፤ የሚያንገበግባት ስሙ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ከላፍቶ እስከ ከተማ ሲመላለስ አንድ ቀን ያልቀረ ሰው አሻጥረኛ ተብሎ አፈር ለበሰ። አንድ ሰው ብቻ ተነሥቶ «ቀጄላ እንዲህ አልነበረም» ቢልላት በወደደች። ችግሩ ለምን እንደሰበረው እሷም በቅጡ አታውቅም። «አየር ፈልጌ ነው» ነበር ያላት። እሷም «አየር የሚሉት ሰበብ» ብላ ተቆጥታዋለች።

የቀጄላ ሥራ የሕክምና ተማሪዎች በአስከሬን በሚማሩበት ክፍል ነበር። አስከሬኑን ከገንዳ ያወጣል፣ ይመልሳል፣ ወለል ያጥባል። እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊን የሚሉት መድኃኒት ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ጫልቱ ካፖርቱን ባሕር ዛፉ ሥር ሳታስወልቀው ቤት አታስገባውም ነበር።

«ተማሪ ልጆቹን እያሳላቸው ነው» አላት አንድ ቀን። ወተት ደረት ያጥባል ብለው ሁለቱም ያምኑ ስለነበር ላሟን እያለበች በጠርሙስ ትሰጠው ጀመር። ዓመት ሙሉ የወደፊት ሐኪሞች የላፍቶ ወተት ተቃመሱ። በመጨረሻ ቀጄላ ጠርሙሱን ባዶውን አስቀምጦ ራሱን ነቀነቀ።

«ወተቱ ከንቱ ነው፣ ጫልቱ። የጠጣውም ያስላል፣ ያልጠጣውም ያስላል። የማያስሉት ሰባተኛው ጠረጴዛ ጋ ቆመው የሚማሩት ብቻ ናቸው። እዚያ ጋ የመስኮቱ መስታወት ስንጥቅ ነው።» እሷ ግን ያን ጊዜ ነገሩ አልገባትም ነበር።

መንገደኛ አስከሬን እንዳያይ ተብሎ የክፍሉ መስኮቶች ሁሉ ቀለም ተቀብተው እንዳይከፈቱ በምስማር ተመትተው ነበር። ይከፈቱ ብሎ አመለከተ፤ ሰሚ አጣ። አንድ ጠዋት አራቱን መስታወት በዱላው አወረዳቸው። ገመገሙትና ወደ ዘበኝነት አዛወሩት፤ ደረቱ ግን ቀድሞ አልቆ ኖሮ ከስድስት ዓመት በላይ አልገፋለትም።

የመጨረሻው ሳምንት ነው እስካሁን ጫልቱን እንቅልፍ የሚነሳት። «መስኮቱን» ይላት ነበር፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። ብርድ ይገድልብኛል ብላ አልከፈተችለትም።

«ጫልቱ፣ ነጠላሽን አስተካክዪ፤ አውቶቡስ ሙሉ ሰው መጣ» አለች ማሚቴ።

ነጭ ካፖርት የለበሱ አርባ የሚሆኑ ልጆች ድንኳኑን ሞሉት። ከፊታቸው የቆመው ቀጭን ወጣት መምህራቸው ዶክተር አምሐ ነው። ለመናገር የዕድሩን ዳኛ አስፈቀደ። ጫልቱና ሴቶቹም ከቤት ወጥተው ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሙ።

«ጋሽ ቀጄላ መስኮቱን ሲሰብር ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ» አለ። «ተማሪ ነበርኩ። ሳሉ አላስቀምጥ ቢለኝ ትምህርቱን ላቋርጥ ማመልከቻዬን ጽፌ በኪሴ ይዤ ነበር። ያን ቀን ተነፈስኩ፤ ወረቀቱንም ቀደድኩት።»

ከኪሱ የተቋጠረ መሐረብ አወጣ።

«ከዚያ እሱ በዓይኑ ያየውን እኛ በመሣሪያ ለካነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የተማሪውን ትንፋሽ ለካን። በተዘጋው ክፍል የተማሩት ደረታቸው ተጎድቷል፤ መስኮት ያገኙት ይሻላሉ። በጥናቱ ፊተኛ ገጽ ላይ የመጀመሪያው ስም የእሱ ነው። እሱ በተቀበረ ዕለት ምስማሩ ሁሉ ተነቀለ፣ አየር የሚስብ ማራገቢያም ተገጠመ። እማማ ጫልቱ፣ ይህን ለእርስዎ ይዘን መጣን።»

በመሐረብ የተቋጠሩ የዛጉ ምስማሮች ነበሩ።

ያኔ የቀበሌው ሰው ላቀው ከአግዳሚው ተነሣ። ከቀጄላ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት ነበር የሚሠራው፤ የግምገማውን ወሬ ሰፈር ያደረሰውም እሱ ነው።

«በዚያ ስብሰባ ላይ ይቀጣ ብዬ እጄን አውጥቻለሁ» አለ ባርኔጣውን እያወለቀ። «ብዙ ግለ ሂስ አድርጌአለሁ፤ ከልቤ ያደረግኩት ግን የዛሬውን ነው። ጓድ ቀጄላ ልክ ነበር። እኔ ነኝ ጥፋተኛው።»

ድንኳኑ አጉረመረመ፤ ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ተነሣ። ማሚቴ ወደ ጫልቱ ጆሮ ጠጋ ብላ «ኀዘን ባይሆን እልል እል ነበር» አለች። ጫልቱ እንባዋ እየወረደ ፈገግ አለች። ኩራት ደረቷን ሞላው፤ እንዲህ ቀና ብላ የቆመችበትን ቀን አታስታውስም።

ከዚያ መሐረቡን ይዛ ወደ ቤት ገባች። የቀጄላ አልጋ የነበረበት ጋ ቆማ የመስኮቱን መዝጊያ ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ኧረ ብርድ ይመታሻል!» አለች ማሚቴ ከኋላዋ።

«ይምታኝ።»

መዝጊያው ተመልሶ እንዳይዘጋ ከምስማሮቹ አንዱን ከሥሩ ሸጎጠች። የውጪው አየር ፊቷን ሲነካት ጎንበስ ብላ እጇን ባዶው የአልጋው ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ከፈትኩልህ» አለች።