የጥር አሥራ ዘጠኝ ድንኳን

የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ እንዲህ ይላል፦ እሁድ ጥር 19፣ ትልቁ ድንኳን ባቱ፣ የአቶ ጫምሳ ልጅ ሰርግ።

የገላኔ ስልክ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ቅዳሜ ጃንዋሪ 27፣ ትልቁ ድንኳን ባቱ፣ የአቶ ጫምሳ ልጅ ሰርግ። እሁድ ጃንዋሪ 28፣ ትልቁ ድንኳን ላንጋኖ፣ የሎጁ ድግስ።

ስልኩ እውነት ከተናገረ ነገሩ ያማረ ነው። ድንኳኑ ቅዳሜ ባቱ ላይ ሙሽራ ያስተናግዳል፣ እሁድ ማለዳ ይነቀልና ጥቂት ወረድ ብሎ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ይተከላል፤ በአንድ የመኪና ጉዞ ሁለት ድግስ። ግድግዳው እውነት ከተናገረ ግን አንድ ድንኳን በአንድ እሁድ ሁለት ቦታ መቆም አለበት፤ ይህን የሚችል ሸራ ደግሞ እስካሁን አልተሰፋም።

ነገሩ የታየው ሰኞ ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ነው። ጥምቀት አምስት ቀን ቀርቶታል፤ የሰርጉ ወቅትም ሊከፈት ነው። አዳማ ላይ፣ ከፍራንኮ ሰፈር ወረድ ብላ ባለችው የድንኳንና የወንበር ማከራያ ቤት፣ ሰኞ ሰኞ የተለመደ ሥራ አለ። ገላኔ ስልኳን ይዛ የወሩን ቀጠሮ ጮክ ብላ ታነባለች፤ የቤቱ ባለቤት እትዬ ሸዋወርቅ መነጽራቸውን አድርገው ግድግዳው ሥር ይቆሙና በጣታቸው ይከተላሉ። ሁለቱ ሲስማሙ «አሜን» ይላሉ። ዛሬ ግን ገና የወሩ የመጀመሪያ ቀጠሮ ባቱ ሲነበብ «አሜን» ቀረ።

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው።

«ቅዳሜ አይደለም፤ እሁድ ነው» አሉ እትዬ።

«ቅዳሜ ነው የሚለው እትዬ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ስልኩ።»

«ስልኩ ጫምሳን የት ያውቀዋል?»

ገላኔ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን መነጽራቸው ላይ ቀረ። እትዬ ሸዋወርቅ የግራ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ቀኙም እየደከመ ነው። አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና ሁለት ጊዜ ተቀጥረው ሁለቱንም ጊዜ «ቤቱን ለማን ጥዬ» ብለው አራዝመዋል። ሦስተኛው ቀጠሮ ከጥምቀት ማግስት ነው። ልጃቸው ዘንድ አንድ ወር ይቆያሉ፤ በዚያ ወር ድንኳኑም ወንበሩም ደንበኛውም በገላኔ እጅ ነው። ለዚህ ነበር ኅዳር ላይ የተስማሙት፤ እስከ ጥምቀት ድረስ ወረቀቱም ስልኩም ጎን ለጎን ይሠሩና ከዚያ አንዱ ይመረጣል። «ሁለት ሚዛን ያለው ቤት አንዱን ደንበኛ መበደሉ አይቀርም» ብለው ነበር እትዬ።

ገላኔ ስልኩ እንዲመረጥ ትፈልግ ነበር። ከዚያ ይበልጥ ግን እትዬ ልባቸው አርፎ እንዲሄዱ ትፈልግ ነበር። በማኔጅመንት ተመርቃ ዲግሪዋን በፕላስቲክ ይዛ ከዱከም ፋብሪካዎች እስከ አዳማ ቢሮዎች ሁለት ዓመት ስትንከራተት፣ ልምድ ያልጠየቋት ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። «ቃል ከሰጠሽ ትጠብቂያለሽ?» አሏት፤ «እጠብቃለሁ» አለች፤ በማግስቱ ሥራ ጀመረች።

አሁን በልቧ «ዓይናቸው ነው» አለች። ቅዳሜና እሁድ ጎረቤት ናቸው፤ ብዕር አንድ ጣት ያህል ቢስት ማንም ላይ የሚደርስ ነው።

«ለአቶ ጫምሳ ልደውልና ልጠይቃቸው?»

«የሰርግ ቤት ተደውሎ ‹ሰርጋችሁ መቼ ነው› አይባልም ልጄ። ሰውዬው ድንኳኔ ጠፋ ብሎ እስከ ሰርጉ እንቅልፍ አይወስደውም። ደግሞም ራሱ ነው ጣቱን ያሳረፈው።»

ይህ የቤቱ ልማድ ነው። ድንኳን ሊከራይ የመጣ ሰው ቀኑን በአፉ መናገሩ አይበቃም፤ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ጣቱን በቀኑ ላይ ያሳርፋል፤ እትዬ ጣቱ ሲነሳ በቦታው ይጽፋሉ። አቶ ጫምሳ መስከረም ላይ ከባቱ ድረስ መጥተው፣ ሽንኩርት ሲነቅል የኖረ ወፍራም ጣታቸውን እሁድ ላይ ተክለው ነበር። ገላኔ ያን ቀን ወንበር ስትቆጥር ስለነበር አላየችም።

እትዬ ትንሽ አሰቡና ጠየቋት። «ይህን ሃያ ሰባት ከየት አመጣሽው?»

«እርስዎ እያነበቡልኝ አይደል ያስገባሁት? የእርስዎን ጽሑፍ ከእርስዎ ሌላ ማን ያነበዋል? ‹ጥር አሥራ ዘጠኝ› አሉኝ፤ ስምንት ደመርኩበት፤ ሃያ ሰባት።»

«ለምን ስምንት?»

«ጥር ሁልጊዜ በስምንት ነዋ። የተወለድኩት ጥር አንድ ነው፤ በፈረንጁ ጃንዋሪ ዘጠኝ። ዩኒቨርሲቲም የተመዘገብኩት በዚሁ ነው።»

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። ሰው ሊያርሙ ሲሉ መነጽር ያወልቃሉ፤ የሚያፍርን ፊት አጥርቶ ማየት አይወዱም።

«ገናን መቼ ፈሰክን?»

«ያለፈው ሳምንት እሁድ። እዚሁ እርስዎ ጋ።»

«በፈረንጁ ስንት ነበር?»

«ጃንዋሪ ሰባት።»

«በእኛስ?»

ገላኔ «ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። ዘንድሮ በሃያ ዘጠኝ አልነበረም። እናቷ ከባቱ ደውላ «ዘንድሮ በሃያ ስምንት ነው፣ እንዳትሳሳቺ» ብላት ነበር፤ እሷም ሳትሳሳት በሃያ ስምንት ዶሮዋን በልታለች።

«ሃያ ስምንት» አለች ቀስ ብላ።

«ዘመኑ ዮሐንስ ነው። አምና ጳጉሜ ስድስት ነበረች። ያቺ አንዲት ቀን ገብታ ሁሉንም ገፋ አድርጋዋለች፤ እስከ የካቲት ሃያ አንድ እንደገፋች ነው። ዘንድሮ ጥር በዘጠኝ ነው የሚደመረው።»

ገላኔ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ቀን መቁጠሪያው ሱቆች ለእንቁጣጣሽ ከሚያድሉት ዓይነት ነው፤ የኛ ቀን በትልቁ፣ የፈረንጁ ጥግ ላይ በጥቃቅን ቁጥር። የጥር አሥራ ዘጠኝ ጥግ በእትዬ ሰማያዊ ብዕር ተሸፍኖ አይታይም። ቀጥሎ ያለው ጥር ሃያ ግን ባዶ ነበር፤ ጥጉ ላይ 29 ይላል። ቁጥሩ ከመስከረም ጀምሮ እዚያው ተቀምጧል። እሷም ከመስከረም ጀምሮ በአጠገቡ ስታልፍ ኖራለች።

ስልኩ አልዋሸም፤ የነገረችውን ነው የያዘው። ባቱን ወደ ቅዳሜ ስለወሰደችበት እሁድን ባዶ አድርጎ አሳያት። ባዶ መስሏት ደግሞ ለላንጋኖ ሰጠችው። የሎጁ ሥራ አስኪያጅ ኡበይደላ በመልእክት «ጃንዋሪ 28» ብሎ ሲጠይቃት «ይቻላል» ብላ የመለሰችው እሷ ናት፤ በራሷ ያመጣችው የመጀመሪያ ደንበኛ ስለሆነ ለሦስት ቀን ያህል ደስ ብሏት ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው እትዬ።»

እትዬ በተደራረቡት ወንበሮች ላይ ቁጭ አሉ። ውጭ ባጃጅ ጥሩምባ እየነፋ አለፈ። «እንግዲህ ይህ የሐኪም ነገር…» ብለው ጀመሩ።

ገላኔ የፈራችው ይህንኑ ነበር። «የሐኪሙን ቀን አይንኩት» አለች። «መጀመሪያ ይህን ልጨርስ፤ ከዚያ የፈለጉትን ይወስኑ።»

ስልኳን አነሳች፤ ቁጥሩን አወጣች፤ ግን አልደወለችም። «ሸራው በነፋስ ተቀደደ ብዬ ብነግረውስ? የአዳማን ነፋስ የማያውቅ የለም።»

«የአዳማ ነፋስ ስንት ነገር ሲላከክበት ኖረ» አሉ እትዬ። «ይህን እንኳ አታሸክሚው።»

ደወለች።

«አከም ቡልቴ ገላኔ?» አለ ኡበይደላ። ከጀርባው የሐይቁ ነፋስ ይሰማል።

ሰላምታውን መለሰችና ሳትዞር ነገረችው፤ አቆጣጠሩን የተሳሳተችው እሷ መሆኗን፣ ባቱ ላይ ቀድሞ የተቀጠረ ሰርግ መኖሩን፣ ትልቁ ድንኳን ለዚያ እንደሚሄድ። «ሌላ ድንኳን ፈልጌ ልደውልልህ ነው። ካላገኘሁም ዛሬውኑ እነግርሃለሁ» ብላ ጨረሰች።

«ስንት ቀን ቀረው?»

«አሥራ ሦስት።»

«አሥራ ሦስት ቀን ቀድሞ የሚነግር ሰው ካገኘሁማ ምስጋና ነው። ባለፈው የድምፅ ማጉያ የሚያመጣው ሰውዬ እንግዶቹ ከገቡ በኋላ ነው የነገረኝ።» ሳቅ አለ። «ደግሞ እኔ በቀን በተሳሳተ ሰው አልፈርድም፤ ኢድ ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ ጨረቃዋ እስክትወጣ የማላውቅ ሰው ነኝ። ግን ያለ ድንኳን መቅረት አልችልም። የማንም ይሁን፣ አንቺ ራስሽ መጥተሽ ታስተክይዋለሽ።»

«ራሴ እመጣለሁ። ገለቶማ» አለችው፤ ምስጋናዋ ከልቧ ነበር።

ድንኳን ያለው ሌላ ሰው ከመንገዱ ማዶ ነው። አብደላና እትዬ ሸዋወርቅ ለአሥራ ስምንት ዓመት ደንበኛ ሲሻሙ የኖሩ ናቸው። ሁለቱ ሴቶች መንገዱን ሲሻገሩ አይቶ ከወንበሩ ተነሳ።

«ዛሬ ምን ሆነ? ሸዋ ድንኳን ልትከራይ መጣች?»

«መጣሁ» አሉ እትዬ። «ጥር አሥራ ዘጠኝ፣ እሁድ። ላንጋኖ።»

አብደላ መዝገብ አልገለጠም፤ የሚገልጠውም የለው። ፊቱን ወደ ጓሮ አዙሮ ሚስቱን ጮክ ብሎ ጠየቀ። ከውስጥ «ባዶ ነው፣ ሃያ አንድ ነው የተያዘው» የሚል ድምፅ መጣ።

«እሷ ናት ቀን መቁጠሪያዬ» አለ። «ባትሪ አትጨርስ፣ ግድግዳ አትፈልግ። ብቻ የረሳሁትን እስክሞት አትረሳልኝም።»

ገላኔ ሳቀች። «ስንት ታስከፍሉናላችሁ?» ብላ ልትጠይቅ ስትል አብደላ እጁን አነሳ፤ ወደ እትዬ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእናቴ ለቅሶ ዕለት ድንኳኖቼ በሙሉ ሰው ጋ ነበሩ። ጠርቼሽ ነበር? አልጠራሁሽም። ስነቃ ግቢዬ ውስጥ ድንኳንሽ ቆሟል። እንደዚያ ላደረገች ሴት ዋጋ አልነግራትም። የመኪናውን ቻሉ፤ ሌላው ይቅር።»

እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉና «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፤ ሲመለሱ መንገዱን የተሻገሩት የገላኔን ክንድ ይዘው ነው።

ከሰዓቱ ያለፈው በእርማት ነበር። በጥርና በየካቲት ያሉትን አሥራ አንዱን ቀጠሮ አንድ በአንድ አዩ። እትዬ አነበቡ፤ ገላኔ አሁን ቀኑን ብቻ ሳይሆን የሳምንቱን ዕለት እየጠየቀች አስተካከለች። ሌላ የተጋጨ አልተገኘም። የመጨረሻው ላይ «አሜን» ሲባል ሁለቱም አብረው ተነፈሱ።

«ወረቀቱ ትክክል ነበር» አለች ገላኔ። «እርስዎም።»

«ወረቀቱ የሚያውቀው እኔ የማውቀውን ነው» አሉ እትዬ። «ታኅሣሥ ላይ ወንድሜ ሞቶ ወንጂ ሰባት ቀን ስቀመጥ ግድግዳውን ይዤው አልሄድኩም። አምስት ሰው ደወለልሽ፤ ስልክሽን እያየሽ ለአምስቱም መልስ ሰጠሽ። አምና አንቺ ሳትመጪ የሞጆን ሰርግ ጽፌው እንኳ ረስቼዋለሁ፤ ሙሽሮቹ ከጎረቤት በተሰበሰበ ወንበር ነው የተዳሩት። እስካሁን በዚያ መንገድ ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ። ያ ስልክ ቢጮህልኝ ኖሮ እዚያ አልደርስም ነበር። ውለታውን አልክድም።»

ስድብ ጠብቆ ምስጋና የመጣለት ሰው እጁን የሚያኖርበት ቦታ የለውም፤ ገላኔ ያልቆሸሸ ወንበር አንስታ ወለወለች።

«ሰው መሳሳቱ ሳይሆን ተሳስቶ ሳይናገር ሲቀር ነው የሚያስፈራኝ» አሉ እትዬ። «አንቺ ነፋሱን ተውሽ፤ ለሰውዬው እውነቱን ነገርሽው። ሐኪሙ ዘንድ እሄዳለሁ፤ አላራዝምም። ግን አንዱን እንይዛለን ብለናል። እኔ በሌለሁበት የምትሠሪበት አንቺ ነሽና የትኛውን እንደምንይዝ አንቺ ንገሪኝ። የኔን ፊት አትዪ።»

ገላኔ ስልኳን አየች፤ ቀጥላ ግድግዳውን አየች። ስልኩ ፈጣን ነው፤ ይጮሃል፤ እስከ ላንጋኖ አብሮ ይሄዳል፤ ግን ብቻዋን የምታየው ነገር ነው፤ ስትሳሳት የሚያያት አልነበረም። ግድግዳው ፊት የቆመ ደንበኛ ሁሉ ግን ራሱ ያያል፤ ራሱ ያርማል። ይህን ሁሉ መዘርዘር አላስፈለጋትም።

«ግድግዳውን ነው የምንይዘው» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ስልኩ ያስታውሰን፤ ቀን የሚሰጠው ግን ግድግዳው ነው፤ በስልክ ለሚደውልም ቢሆን እዚህ መጥቼ ሳላይ ቃል አልሰጥም። ብዕሩን ግን ከዛሬ ጀምሮ የምይዘው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ተመልሰው ያነቡልኛል፣ ያውም በሁለቱም ዓይንዎ።»