ፑርቻሴ

ነርሷ ለእንግሊዝኛ ፈተናው መዘጋጀት የጀመረችው ሦስት ወር ሲቀረው ነው። ጤና ጣቢያው ፈተናውን ያለፈ ሠራተኛ ለአንድ ዓመት ትምህርት ውጭ እንደሚልክ አስታውቆ ነበር። ሰዋስው አልከበዳትም። ያቃጠላት ተመሳሳይ ቃላት የሚባለው ክፍል ነው። አንድ ቃል ይሰጥሽና ከአራቱ ውስጥ ወንድሙን ፈልጊ ትባያለሽ። "ትልቅ" የሚለው ቃል ብቻ እንኳ ዘጠኝ ወንድም አለው፤ አንዱን ስትይዢ ሌላው ያመልጥሻል።

መላ ያመጣችላት እትዬ ናት። እትዬ ታላቅ እህቷ ናት፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጣታለች። እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች፤ ነርሷን ከአንደኛ ክፍል እስከ ዲፕሎማ ያደረሳት ያ መኪና ነው። ዛሬም መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ነርሷ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ስትነጫነጭ ብታያት፣ አዲስ ሸሚዝ ውስጥ የሚገባውን ካርቶን በመቀሷ እኩል እኩል ቆራርጣ አመጣችላት።

"በአንዱ ፊት ቃሉን፣ በጀርባው ዘመዶቹን ጻፊ። እኔ እይዝልሻለሁ፣ አንቺ ትመልሻለሽ" አለቻት።

"እትዬ፣ አንቺ እኮ እንግሊዝኛ…"

"ፊደሉን አውቀዋለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ወንበር ሳሞቅ የኖርኩ መሰለሽ?"

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እትዬ በቀኝ እጇ ዩኒፎርም እየተኮሰች፣ በግራ እጇ ካርቶን ታነሳለች፤ ነርሷ ፀጉሯን እያበጠረች ትመልሳለች። ስትሳሳት እትዬ ከካውያው እንፋሎት ማዶ "ኧ-ኧ!" ትላለች። ድምፅ አውጥታ አታነብም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ግን ነርሷ ታያለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ አብረው ሊያጠኑ ቤቷ መጡ፤ ፋርማሲስቱና የላቦራቶሪዋ ልጅ። ሁለቱም ወደ ጤና ጣቢያው ከተዛወሩ ገና ወራቸው ነው፤ እንግሊዝኛው ካፋቸው እንደ ውሃ ይወርዳል። እነሱ ፊት ነርሷ ድምጿ ሳይቀር ይለወጣል። ሳይመጡ በፊት ወንበሩ ላይ የነበረውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ሁሉ ሰብስባ አልጋ ሥር ወትፋው ነበር።

"ባይ" አለ ፋርማሲስቱ መጽሐፉን ገልጦ፣ "መግዛት ማለት ነው። ሌላ ስሙስ?"

ነርሷ ጭንቅላቷ ባዶ ሆነ። የምታውቀው ቃል ነው፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል። እትዬ ሻይ በትሪ ይዛ የገባችው ይሄኔ ነው። የእህቷን ፊት ስታይ አላስችላት አለ።

"ፑርቻሴ!" አለች።

ፐርቸስ ለማለት ነው፤ ካርቶኑ ላይ እንደተጻፈው፣ ፊደሉን አንድም ሳታስቀር ነበር ያነበበችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፋርማሲስቱ "ፑር… ምን?" ብሎ ሆዱን ያዘ። ነርሷም ሳቀች። ኋላ ስታስበው ያንገበገባት ይሄ ነው፤ ከሁሉም አስበልጣ ሳቀች። እትዬ ራሷ ፈገግ ብላ፣ ሻዩን ካስቀመጠች በኋላ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ጓዳ ገባች።

"ማናት?" አለች የላቦራቶሪዋ ልጅ እንባዋን እየጠረገች።

"ጎረቤታችን ናት" አለች ነርሷ። "አንዳንዴ ታግዘኛለች።"

መጋረጃው ገና መወዛወዙን አላቆመም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ እንደ ወትሮዋ ካርቶኑን አነሳች። ከንፈሯ ግን አልተንቀሳቀሰም። ነርሷ "አልሰማችም፣ ብትሰማ ኖሮ ትናገረኝ ነበር" ብላ ራሷን አጽናናች። ሳምንቱንም በዚሁ ገፋችው።

ሐሙስ ዕለት ነርሷ ሕፃናት ስትከትብ ፋርማሲስቱ በሩ ላይ ብቅ አለ። እግሩን ከፍ አድርጎ የሱሪውን ጫፍ አሳያት።

"ያቺ ጎረቤትሽ እኮ ልብስ ሰፊ ናት! ሱሪዬን ላሳጥር ስገባ ፑርቻሴን ቁጭ ብላ አላገኛት መሰለሽ! 'የነርሷ ጎረቤት አይደለሽም ወይ?' ስላት፣ 'አዎ፣ ጎረቤቷ ነኝ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ አደራ አብራችሁ አስጠኗት' አለችኝ። ደግ ሴትዮ ናት ባክሽ።"

ነርሷ የያዘችውን ሲሪንጅ መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። እዚያው ልትነግረው ትችል ነበር። ነገር ግን ፊት ለፊቷ አንዲት እናት የሚያለቅስ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ያንን ሰበብ አደረገችና "እሺ" ብቻ አለችው።

በምሳ ሰዓት ሱቁ ሄደች። እትዬ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል፣ እስፒሎቿን በከንፈሯ ያዝ አድርጋ ኮሌታ ትሰፋለች።

"እትዬ፣ ለምን አዎ አልሽው?"

እትዬ እስፒሎቹን ከአፏ አንድ በአንድ እያወጣች ጨርቁ ላይ ሰካቻቸው።

"ታዲያ ምን ልበለው? ውሸቷን ነው ልበለው? አብሮሽ የሚሠራ ሰው ነው።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ። አስቤው አይደለም፣ ከአፌ አምልጦኝ ነው።"

"ሳቅስ ያመልጣል። እኔንም እዚህ ብቻዬን ሆኜ አስቆኛል።" መኪናውን በእግሯ አቆመች። "ጎረቤት ግን አያመልጥም፣ ሚጡ። እሱን ፈልገሽ ነው ያገኘሽው።"

ሚጡ እያለች የምትጠራት ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። ነርሷ ልታለቅስ ፈለገች፤ ለቅሶው ራሱ የማስመሰል መሰላትና ዋጠችው። እጇን የምታስቀምጥበት ጠፍቷት የተቆረጠ ክር ከጠረጴዛው ላይ ለቀመች።

"ሂጂ በይ፣ ሰዓትሽ ደርሷል" አለቻት እትዬ።

ቅዳሜ ሦስቱ እንደገና ተሰበሰቡ። ነርሷ ሌሊቱን ብዙ ስታሰናዳ ያደረችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

"ያቺ ሴትዮ ጎረቤቴ አይደለችም" አለች መጽሐፉ ሳይገለጥ። "እህቴ ናት። ያሳደገችኝም ያስተማረችኝም እሷ ናት።"

ፋርማሲስቱ ሱሪውን ቁልቁል አየ። "ታዲያ ለምን…?"

"አፍሬባት።"

የላቦራቶሪዋ ልጅ የብዕሯን ክዳን መክፈትና መዝጋት ያዘች። ነርሷ ወይ ወቀሳ ወይ ማጽናኛ ትጠብቅ ነበር። ሁለቱም አልመጣም። ፋርማሲስቱ ጉሮሮውን ጠረገና "እሺ… ስንተኛው ገጽ ላይ ነበርን?" አለ። ፑርቻሴ የሚለውን ስም ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልጠራውም።

ማታ እራት ላይ ለእትዬ ነገረቻት።

"ጥሩ አደረግሽ" አለች እትዬ፣ ቀና ሳትል። ሰኞ ጠዋት ነርሷ ካርቶኖቹን ስታቀርብላት ግን "እስቲ ራስሽ ያዢው፣ እጄ ሥራ ይዟል" አለቻት። የቀሩትን ሦስት ሳምንታት ነርሷ ካርቶኖቹን ስኳር ጣሳ ላይ እያስደገፈች ብቻዋን አጠናች። ስትሳሳት "ኧ-ኧ!" የሚላት አልነበረም።

ፈተናውን ለጥቂት አለፈች። እትዬ ወሬውን ስትሰማ ከመኪናዋ ተነስታ ሳመቻት፤ ሱሪ ሊያሳጥር ለገባ ሁሉ "እህቴ አለፈች" ስትል ዋለች። ነርሷ ይህን ቆማ ስትሰማ፣ ከደስታው ይልቅ ያ የኀፍረት ግለት መልሶ ጆሮዋ ድረስ ወጣ።

ከመሄዷ በፊት በነበረው ሳምንት፣ እትዬ የሻንጣውን የተቀደደ ገበር ስትሰፋላት፣ ነርሷ አጠገቧ ቁጭ አለች።

"እትዬ፣ አሁንም ተቀይመሽኛል?"

እትዬ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

"ተቀይሜሻለሁ። ከበፊቱ ቀንሷል። ዝም ብለሽ ተይኝ፣ በራሱ ጊዜ ይወጣልኛል፤ በየቀኑ እየመጣሽ አትነካኪው።"

"እሺ" አለች ነርሷ፤ የተሰፋውን ሻንጣ ተቀብላ ልብሷን እያጠፈች መክተት ጀመረች።