የኢርምትራውድ ውሃ

ሃያ ስድስት ዓመት ፖስታ ሳድል በመንደራችን ያልከፈትኩት የአጥር በር አልነበረም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ የጠራኝም ለዚሁ ነው። ባለ ዥንጉርጉር እግሯ ቢምቢ የራይንን ወንዝ ተከትላ ከገባችብን ወዲህ፣ በየጓሮው እየዞረ የታቆረ ውሃ የሚፈልግ ሰው አስፈልጓቸዋል። “አንቺን እንደሆነ፣ ሮስቪታ፣ ውሾቹም ለምደውሻል” አሉኝ።

በዚያ ሐምሌ ያስቸገረን የወፍጮ መንገድ ሰፈር ነው። ነዋሪው የተባለውን ሁሉ አድርጓል፤ በርሜሉን በመረብ ሸፍኗል፣ አሸንዳውን ጠርጓል፣ ከአበባ ማሰሮ ሥር ያለውን ሳህን ደፍቷል። ያም ሆኖ የሰፈሩ ነዋሪ ኑርሃያት ጓሮ የሰቀልኩት የቢምቢ ወጥመድ በየሳምንቱ ይሞላል። የስምንት ወር ሴት ልጇን ዓይኗ ላይ ነክሰዋት፣ አንዱ አብጦ ተከድኖ ነበር።

“ይቺ ቢምቢ እኮ ሩቅ አትሄድም። የሚፈለፈሉት እዚሁ አጠገብሽ ነው” አልኳት።

ኑርሃያት ልጇን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ በአገጯ የጎረቤቷን አጥር አሳየችኝ። “ያልገባሽበት አንድ ግቢ ነው የቀረው። እኔ ግን ሄጄ አልናገራቸውም። ሚስታቸው ኢርምትራውድ ከሞቱ ገና ሁለት ወር ነው።”

የአቶ ቬንደሊን ኪስት ግቢ ነው። አናጺ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ አንድ። ሁለት ጊዜ አንኳኩቼ “ሌላ ቀን” ብለው መልሰውኛል። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ የምርመራ ፎርሜን ቤት ትቼው ሄድኩ።

“ደብዳቤ አለኝ?” አሉ በሩን ገርበብ አድርገው።

“ደብዳቤ ማደል ከተውኩ ቆየሁ እኮ፣ አቶ ኪስት።”

“እንግዲያ ክፉ ወሬም አልያዝሽም። ግቢ።”

ጓሮው እንደ ሳሎን የጸዳ ነው። በርሜሉ እንኳ ተደፍቷል። ተሳስቼ ነው ብዬ ልወጣ ስል፣ ከመሣሪያ ቤቱ ጀርባ ጥላው ውስጥ አንድ መደርደሪያ አየሁ። አሥራ አንድ የማርማላታ ጠርሙስ ተደርድሮበታል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንዳንድ የበለስ ቅንጥብ ቆሟል። ሥራቸው ጠርሙሱን ሞልቶ ተጠማዟል። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ በሥሮቹ መካከል የቢምቢ እጮች ሽቅብ ቁልቁል ይወራጫሉ።

ከጠርሙሶቹ ወደ እሳቸው ቀና አልኩ። ልጠይቃቸው እንደሆነ ገባቸው።

“የኢርምትራውድ ናቸው” አሉ። “ሚያዝያ ላይ ቆርጣ አስቀመጠቻቸው። ሥር ሲያወጡ እተክላቸዋለሁ እንዳለች ሆስፒታል ገባች።”

“ሥርስ አውጥተዋል።”

“ካወጡ ቆዩ።”

“ውሃውን ቀይረውት ያውቃሉ?”

“ሲጎድል እጨምርበታለሁ እንጂ አልቀይረውም።” ጣታቸውን በአንዱ ጠርሙስ አፍ ዙሪያ አዞሩ። “ይህን ውሃ የቀዳችው እሷ ናት፣ በእጇ። እኔ ከላይ ብጨምርም የሷ እታች ይቀራል ብዬ ነው። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፤ አንቺ ደግሞ እንዳትነግሪኝ።”

ስለ እጭ የማውቀውን ሁሉ መናገር ነበረብኝ። በምትኩ ስለ እናቴ ሹራብ ነገርኳቸው። ስትሞት ወንበሯ ላይ የነበረውን ሹራብ አንድ ዓመት ሙሉ ሳላጥበው አስቀምጬዋለሁ። አቶ ኪስት አንገታቸውን ነቀነቁ። ያኔ አጉሊ መነጽሬን ሰጠኋቸው፤ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ።

“የጎረቤታችንን ሕፃን የሚነክሷት እነዚህ ናቸው?”

“ሲያድጉ፣ አዎ።”

“ዓይኗን ባጥር በኩል አይቼዋለሁ። ንብ መስሎኝ ነበር።” መነጽሩን መለሱልኝ። “ኢርምትራውድ ይህን ብትሰማ አንድ ቀን አታሳድረኝም ነበር። ግን ውሃውን ቦይ ውስጥ አንደፋውም።”

“ቦይ ውስጥማ ይኖራሉ። የሚሞቱት ደረቅ አፈር ላይ ነው።”

ቦታውን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ በወጥ ቤቱ መስኮት ሥር፣ ሚስታቸው ለበለሱ ያሰበችው መደብ። እኔ ቅንጥቡን አወጣለሁ፣ እሳቸው ውሃውን በቀስታ ያፈሳሉ። አፈሩ ከሰነበተበት ድርቀት የተነሳ ውሃው ገና ሳይዘረጋ ይመጠው ነበር። የመጨረሻውን ጠርሙስ ከጨረሱ በኋላም እንደዘቀዘቁት ቆሙ። አልቸኮልኩም። ከጠርሙሱ አፍ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ቆይታ ወደቀች።

“በቃ” አሉ። “አሁን አካፋውን አቀብይኝ።”

ሁለቱን ቅንጥቦች እዚያው ተከልን፣ ዘጠኙን ማሰሮ ውስጥ። ጠርሙሶቹንም ብርጭቆው ላይ የተጣበቀው የቢምቢ እንቁላል እንዲለቅ በፈላ ውሃ ፈተግናቸው። አቶ ኪስት ከማሰሮዎቹ አንዱን አቅፈው ኑርሃያት በር ላይ ቆሙ።

“ከሥሩ ሳህን እንዳታደርጊበት፣ ሮስቪታ ትቆጣለች” አሏት። ከዚያ ወደ ሕፃኗ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ እመቤት። አላወቅኩም።”

ኑርሃያት መጀመሪያ ምን እንደሚሉ ግራ ገባት። ሲገባት ልጇን ዘረጋችላቸው፤ እሳቸውም ማሰሮውን ለኔ ሰጥተው ተቀበሏት። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ የዓይን መነጽራቸውን ለመንጠቅ ታገለች እንጂ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ወጥመዱ ባዶ ለመሆን ምንም አልቀረውም። ከዚያ ወዲህ አቶ ኪስት ማክሰኞ ማክሰኞ አብረውኝ ይዞራሉ። ሜትራቸውን አውጥተው የየቤቱን በርሜል አፍ ይለኩና፣ በሳምንቱ ልክክ የሚል የእንጨት ክዳን ይዘው ይመጣሉ። መንገድ ላይ ስለ ኢርምትራውድ ያወሩኛል፤ ወሬው ሳያልቅ ሰፈሩን እንጨርሰዋለን።