ወደ የት ቀበሌ?

ወንድሜ ኤልሳዕ ኢትዮጵያዊነቱን መመለሱን ለቀበሌ በደብዳቤ ያሳወቀው ማክሰኞ ነበር። እኔ ያወቅሁት ሐሙስ ነው። መሳቢያውን የከፈትኩት ሆን ብዬ ነው፤ ከሰሞኑ ስልክ ሲደወልለት ግቢ እየወጣ ያወራ ነበር።

«እኔ ኤልሳዕ ወልደ ጊዮርጊስ፣ አሥራ አራት ዓመት ሲቪክስ ያስተማርኩ መምህር፣ ሁለት ባልደረቦቼ በስብሰባ ላይ በተናገሩት ታስረው ሦስት ወር ያለ ክስ በመቆየታቸው፣ ዜግነቴን በተቃውሞ መልሼ የምለቅ መሆኔን አሳውቃለሁ» ይላል ግልባጩ።

ከሥሩ ከድንበር ማዶ፣ ከሐርጌሳ የመጣ የቅጥር ውል አለ። የተጻፈው ሰዎቹ በታሰሩ በሁለት ሳምንቱ ነው። ሁለት ሳምንት ለመናደድ ይበቃል፤ ሥራ ለማፈላለግም ይበቃል።

እማዬ ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ ልትገዛ ወጥታ ስለነበር፣ ኤልሳዕ ሲመጣ ድምፄን አልቀነስኩም።

«ተቃውመህ ነው የምትሄደው ወይስ ሥራ አግኝተህ?»

«መሳቢያዬን ፈተሽሽ?»

«አዎ። መልስልኝ።»

«ሁለቱም ነው። የሚቃወም ሰው አይበላም እንዴ?»

«ይብላ። ግን ለምን ለቀበሌ ጻፍክ?»

«ሌላ የማውቀው መንግሥት የለማ!»

«ቤቱስ?»

ቤታችን የቀበሌ ቤት ነው፤ ሸዋ በር ገበያው አፍ ላይ ያለ፣ ብዙ ሰው የሚመኘው። አባታችን ከሞተ ወዲህ የኪራይ ውሉ በኤልሳዕ ስም ነው። እሱ ለቀቀ ከተባለ እማዬና እኔ ሜዳ ላይ ነን።

ዓርብ ጠዋት ኤልሳዕን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ሀያት የድሮ ተማሪው ናት።

«ቲቸር! መሸኛዎ እኮ ሊያልቅ ነው» አለች።

«የምን መሸኛ?»

«እመልሳለሁ፣ እለቃለሁ ብለው ጽፈው የለ? የሚለቅ ሰው መታወቂያ ይመልሳል፣ መሸኛ ይወስዳል። ወደ የት ቀበሌ እንደሚዛወሩ ብቻ አልጻፉም።»

«ወደ የትም ቀበሌ አልዛወርም! ዜግነቴን ነው የመለስኩት!»

«እሱማ እዚህ አይመለስም፤ ያውም የሚፈቀደው የሌላ አገር ዜግነት ላለው ነው። እርስዎ ነዎት ያስተማሩን፣ ወላሂ። ሲ ውጤት ሰጡኝ እንጂ አልረሳሁትም።»

«ፋይሉ የታለ?» አልኳት።

ድምፅዋን ቀነሰች። «አቶ ደረጀ ወስደውታል።»

ደረጀ የቤቶች ኃላፊ ነው። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ በራችን ላይ ቆሞ ስንት ክፍል እንዳለን ጠይቋል። ሀያት ደብዳቤው ላይገባት ይችላል፤ እሱ ግን እንደገባው እርግጠኛ ነበርኩ።

«መምህር፣ ሊለቁን ነው አሉ!» አለ፣ ቢሮው ስንገባ ከወንበሩ ሳይነሳ። «ቤቱን ሰኞ ያስረክቡናል።»

«ውሉ ወደ እናታችን ይዛወር» አልኩት።

«ባለ ውሉ ቅጽ ሲሞላ ይቻላል። ግን ዜግነቱን የመለሰ ሰው እንዴት ይሞላል?»

«ደብዳቤውን የተቀበላችሁት እንደ መሸኛ ጥያቄ ነው ወይስ እንደ ዜግነት መመለስ?»

«እንደ ሁኔታው ነው፣ እህቴ።»

«ደብዳቤውን ቢሰርዘውስ?»

ደረጀ ፈገግ እያለ የውል ማዛወሪያ ቅጹን ገፋለት። ኤልሳዕ እንደማይሞላው እርግጠኛ ነበር። ሦስተኛው መስመር «ዜግነት» ይላል።

ኤልሳዕ እስክሪብቶውን አንሥቶ እዚያ መስመር ላይ ቆመ። እኔ ደግሞ እጁን አየሁ። ቶሎ ቢጽፍ ተቃውሞው የሐርጌሳው ሥራ መሸፈኛ ብቻ ነበር ማለት ነው። ባይጽፍ ቤቱ ሄደ። ቆየ። ውስጤ «ጻፍ እንጂ!» እያለ፣ «ሁለቱም ነው» ያለኝን ያመንኩት ያኔ ነው።

«ኢትዮጵያዊ» ብሎ ጻፈ። ከሥር ደብዳቤውን መሰረዙን ጨምሮ ፈረመ።

ደረጀ እጁን ሲዘረጋ ቀደምኩት። ቅጹ እሱ ጋ እንዳይጠፋ ይዤ ወደ ሀያት ሮጥኩ፤ መዝገብ ላይ የገቢ ደብዳቤ ቁጥር አስሰጥቼ፣ የቅጹን ግልባጭ አስነሥቼ ማህተም አስመታሁበትና ዋናውን ለደረጀ መልሼ ሰጠሁት። ፈገግታው የለም።

በር ላይ ኤልሳዕ ያዘኝ። «አሁን ከተቃውሞዬ ምን ቀረ?»

«የቀረውን ሐርጌሳ ሆነህ ጻፈው» አልኩት። «ከእንግዲህ በስምህ የሚወሰድብን ቤት የለም።»