ቆመው የተሻገሩት ሽማግሌዎች

ይህ ታሪክ ጠብታ ውሸት የለበትም፤ ካለበት የዝዋይ ሐይቅ በቁሜ ይዋጠኝ።

በደርግ ዘመን፣ ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ጊዜ፣ ኢተፋ የሚባል ዓሣ አስጋሪ በሐይቁ መካከል ካለች ደሴት ሸዋወርቅን ሊያገባ ቆርጦ ተነሣ። አባቷ ጋሽ ገብረወልድ ቁርጡን ነግረውታል፤ ሽማግሌ የሚቀበሉት እሁድ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው፣ ካለፈ ሰኞ እሷኑ የሚፈልግ የአንድ የመቂ ነጋዴ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበሩ ሞተር ጀልባ እንደሆነ ቤንዚን አጥታ ዶሮ ዕንቁላል ትጥልባታለች። የቀረው የኢተፋ መቅዘፊያና ክንዱ ነው።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ከቀበሌ ስብሰባ እስኪለቀቁ ረፋዱ አለፈ። ሦስት ናቸው። ታላቃቸው ጋሽ ፈይሳ ቁመታቸው የስልክ እንጨት፣ ጋቢያቸው የሠርግ ድንኳን ያህላል። ለልመና የሄደ ሽማግሌ «ቁጭ በሉ» ሳይባል እንደማይቀመጥ አገር ያውቃል። ጋሽ ፈይሳ ግን ልመና የሚጀምረው ከቤት ሲወጡ ነው ብለው ጀልባዋ ላይም አልቀመጥ አሉ። ሌሎቹ ሁለቱም እሳቸውን አይተው ቆሙ።

ኢተፋ መቅዘፍ ሲጀምር ነፋሱ ከደሴቱ በኩል መጣ። ሦስቱም ጋቢ ተነፋ። እሱ ወደ ፊት ሲቀዝፍ ጀልባዋ ወደ ኋላ ሄደች፤ ላቡን ሳይጠርግ የተነሡበት የከተማው ዳር ላይ መልሳ ዘረገፈቻቸው።

ወርዶ ሐይቁን ቃኘ። ነጫጮቹ ትላልቅ ወፎች ሁሌም ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው ነው የሚቆሙት፤ አሁን ምንቃራቸው ሁሉ ወደ ደሴቱ ነው። አፈር ዘግኖ በተነ፤ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሞገዱ ነጭ አረፋ ይተፋል። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ሽማግሌዎቹ ቆመው ያጉረመርማሉ። ሁለቱ ይህ ልጅ ፈርቷል፣ ነጋዴው ይሻላት ነበር ይባባላሉ። ፀሐይ ማዘንበል ስትጀምር ጋሽ ፈይሳ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንተ ጉርባ፣ የምታገባው ሐይቁን ነው ልጅቱን?»

ኢተፋ ዓይኑን ከወፎቹ አልነቀለም። «ጋሼ፣ እርስዎ አይቀመጡም፤ እኔም ወፎቹ ሳይዞሩ አልነሣም።»

ቆይቶ አንዷ ወፍ ዞረች። ሌላዋ ተከተለች። ወዲያው መንጋው በሙሉ ምንቃሩን ወደ ከተማው አዞረ። ኢተፋ እንደገና አፈር በተነ፤ አፈሩ ወደ ሸዋወርቅ አገር በረረ። ውሃውም አረፋውን ውጦ ረግቷል። ሽማግሌዎቹን እንደቆሙ አሳፍሮ ጀልባዋን ገፋ።

ከዚያ በኋላ መቅዘፊያው አቅጣጫ ለመያዝ ካልሆነ ሥራ አልነበረውም። ነፋሱ ከኋላ ሦስቱን ጋቢ ሞልቶ ጀልባዋን አስወነጨፋት። ዓሣ የሚያሳድድ አሞራ ቀደሙ። አንድ ጉማሬ እንደ ጨዋ ሰው ከመንገድ ገለል አለላቸው።

ጋሽ ገብረወልድ በራቸው ላይ ሆነው ሽማግሌ ውሃ ላይ ቆሞ ሲበር አዩ። ፀሐይዋ ገና አንድ ክንድ ይቀራታል። ኢተፋ እንደ ወጉ ዳር ባለው ደንገል ውስጥ ተደብቆ ቀረ፤ ሽማግሌዎቹ ደጅ ደረሱ።

«ከከተማ ጀምሮ እንዲሁ ቆማችሁ ነው?» አሉ ጋሽ ገብረወልድ።

«ሳንለምን እንዴት እንቀመጣለን?» አሉ ጋሽ ፈይሳ።

«እንግዲያው ልጄን ሰጥቻለሁ። ቁጭ በሉ።»

ጋሽ ፈይሳ እየሳቁ እንደ ወጣት ቁጭ አሉ።

ሁሉም እንዳልኳችሁ ነው፤ «እንደ ወጣት ቁጭ አሉ» ያልኳትን ይቺን የመጨረሻዋን ብቻ እኔ ነኝ የጨመርኳት። እውነቱ፣ የጋሽ ፈይሳ ጉልበት ደርቆ አልታጠፍ ብሎ ነበር። ኢተፋ ከደንገሉ ተጠርቶ መጣና፣ ከጋሽ ገብረወልድ ጋር አማችና አማት ሆነው በግራና በቀኝ ይዘው ነው ያስቀመጧቸው።