ግድግዳው ላይ ያለው ሃምሳ ሰባት

ዶክተሩና ረዳቷ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ቆይተዋል። ጠዋት ክሊኒኩ ሲገባ በሳጥን ውስጥ ያደሩትን ውሾችና ድመቶች አንድ በአንድ ሰላም ይላል፤ እሷ ጋ ሲደርስ ግን “ወለሉ አልደረቀም” ብሎ ያልፋል። እሷም የዋዛ አይደለችም። እጁ የማይገባበትን ትንሹን ጓንት ሆን ብላ ከላይ ታስቀምጥለትና ሲታገል ጀርባዋን ሰጥታ ጠረጴዛ ትወለውላለች። እንዲህ እየተናቆሩ ሁለት ዓመት ሠርተዋል።

የክሊኒኩ ሚዛን ወለሉ ላይ የተቀመጠ ሰፊ ብረት ነው። ትልቅ ውሻ ራሱ ይቆምበታል። ትንሽ ውሻና ድመት ግን አንዲት ደቂቃ አይረጉም፤ ስለዚህ ረዳቷ አቅፋቸው ትወጣለች፣ የሁለቱ ክብደት አንድ ላይ ይነበብና የእሷ ይቀነሳል። የእሷ ክብደት እንዳይረሳ ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ በሰማያዊ ማርከር ተጽፏል፦ 57። ከዚያ በላይ 49 የሚል ሌላ ቁጥር አለ፤ በአንድ መስመር ተሰርዟል። አርባ ዘጠኟ ከእሷ በፊት የነበረችው ረዳት ናት። ሆዷ ገፋ ሲል ዶክተሩ “ውሻ መያዝ ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ አንድ ነገር ብትሆኚ ተጠያቂው እኔ ነኝ” ብሎ በሳምንቱ አሰናበታት። ይህን ለአዲሷ ረዳት የነገራት ራሱ ነው፣ በተቀጠረችበት ቀን፣ ቁጥሯን እየጻፈ።

አሁን እሷም አምስት ወሯ ነው። የልጁ አባት ሥራ ከፈታ መንፈቅ አልፎታል፤ ቤቱ የቆመው በእሷ ነው። ስለዚህ ከዕቃ ክፍሉ ሁለት ቁጥር የሚሰፋ ጋውን መርጣ ለብሳ፣ ራጅ ሲነሳ ስልክ እንደተደወለላት ሆና እየወጣች፣ ቀን እየቆጠረች ነበር። ዶክተሩ “ወፍረሻል” ሲላት “ምቾት ነው ዶክተር” ትለዋለች። የሚገርመው የእሱ ሆድ ነው፤ ከባለቤቱ ቀድሞ በር ይገባል፣ እሱን ግን ማንም ከሥራ ውጣ ብሎት አያውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ጡረተኛው መምህር ውሻውን ይዞ መጣ። ውሻው ትንሽ፣ አሮጌ፣ ነጭ ጨብራራ ነው፤ በነገረኝነቱ ረዳቷ ሻለቃው ብላ ስም አውጥታለታለች። አምና አውራ ጣቷን ነክሷት ጠባሳው እስካሁን አለ። አሁን የመጣው ጎኑ ላይ ያለው እብጠት በቀዶ ጥገና ሊወጣለት ነው። ዶክተሩ ልቡን ለረጅም ጊዜ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

“ልቡ ደካማ ነው መምህር። ማደንዘዣው ትንሽ ከበዛ አይነሳም። በክብደቱ ልክ እንሰጠዋለን።”

“እኔ ከእሱ ሌላ ማንም የለኝም” አለ መምህሩ። የውሻውን ማሰሪያ ለዶክተሩ ሳይሆን ለረዳቷ አቀበላት። “አደራ ልጄ።”

መምህሩ ማረፊያ ክፍል ሄዶ ተቀመጠ። ረዳቷ የሻለቃውን አፍ አስራ፣ እያጉረመረመባት አቅፋው ሚዛኑ ላይ ወጣች። ስልሳ ስምንት አለ።

“ስልሳ ስምንት፣ ሃምሳ ሰባት ሲቀነስ፣ አሥራ አንድ ኪሎ” አለች፣ እንደልማዷ።

ዶክተሩ ካርዱ ላይ ጻፈና ማደንዘዣውን ወደ መርፌው ይስብ ጀመር። እሷ ውሻውን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ፣ መርፌው የሚገባበትን የፊት እግር በቶንዶስ ላጨች። ጸጉሩ እፍኝ እፍኝ ሆኖ ወረደ፤ ከስሩ የወጣው እግር ግን እርሳስ ያክላል። ሻለቃው ለካ ጸጉር ብቻ ነው። ረዳቷ እግሩን ይዛ ቀና ስትል ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ፣ እዚያው ደርቃ ቀረች። ሃምሳ ሰባት የተጻፈው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ሰሞኑን ያቀፈቻቸው ሁሉ ለክትባት የመጡ ስለነበሩ፣ ክትባት ደግሞ ለትልቁም ለትንሹም አንድ ስለሆነ፣ ነገሩ ትዝም ብሏት አያውቅም ነበር።

“ዶክተር፣ ደግመን እንመዝነው።”

“ለምን?”

“ሚዛኑ የተሳሳተ መሰለኝ።”

“ሚዛኑ ባለፈው ሳምንት ተፈትሿል። ያዢ።”

“እግሩን ይዩት እስቲ። ይሄ አሥራ አንድ ኪሎ ይሆናል?”

“አሁን ደግሞ ሕክምና ከአንቺ ልማር? ያዢ አልኩሽ።”

ዝም ማለት ትችል ነበር። ውሻው ቢሞት ልቡ ነው ይባላል፤ ዶክተሩ አስቀድሞ ተናግሯል። ማንም እሷን አይጠይቅም። ውሻውን ደግሞ አትወደውም፣ አሁንም በታሰረ አፉ እያጉረመረመባት ነው። ግን መምህሩ ማሰሪያውን በእጇ ነው የሰጣት። ደግሞም ዝም ካለች የዚህን ሰው ስህተት ሸፍና ልታድነው ነው፣ እሱ ግን ሆዷ የታየ ቀን አያድናትም። ይህን ስታስብ ንዴቱ ከፍርሃቱ በለጠባት።

ውሻውን አንስታ በዶክተሩ ደረት ላይ አስታቀፈችው። “ይያዙልኝ” አለችና ብቻዋን ሚዛኑ ላይ ወጣች።

ስልሳ ሁለት አለ።

ዶክተሩ ቁጥሩን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ በመጨረሻ ሆዷን አየ። ውሻው በእጁ ላይ ይፍጨረጨራል።

“ስንት ወርሽ ነው?”

“አምስት። ውሻው ስድስት ኪሎ ነው።”

ዶክተሩ ካርዱ ላይ ያለውን አሥራ አንድ ሰርዞ ስድስት ጻፈ። ከመርፌው ግማሽ የሚሆነውን ወደ ማጠቢያው ደፋ። ከዚያ ሥራቸውን ሠሩ። እሱ ቆረጠ፣ ሰፋ፤ እሷ ያዘች፣ አቀበለች፣ ትንፋሽ ቆጠረች። ከሰዓት በኋላ ሻለቃው ነቃና ገና ራሱን ቀና ሳያደርግ እሷን አይቶ ጥርሱን አሳየ። መምህሩ ዓይኑ እንባ አቅርሮ የዶክተሩን እጅ ጨበጠ። “እጅዎ ይባረክ” አለው። ዶክተሩ ምንም ሳያፍር ምርቃቱን ተቀበለ።

መምህሩ እንደወጣ ዶክተሩ ማርከሩን አነሳ፣ 57ን በአንድ መስመር ሰረዘው።

“ጋውኑን መስቀያው ላይ አድርጊና ሂጂ።”

“ዝም ብል ኖሮ ውሻው ይሞት ነበር።”

“ቀድመሽ ብትናገሪ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።”

“ቀድሜ ብናገር አርባ ዘጠኟ ጋ ነበርኩ።”

ዶክተሩ ጮኸባት። እሷ ጋውኑን እየፈታች ሳለ በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት በካርቶን ድመት ይዛ ገባች። ድመቷ እንዳትወልድ ልትመክን ነው የመጣችው፤ መመዘን አለባት። ዶክተሩ በልማድ ወደ ረዳቷ ዞረ።

“ነይ፣ ይዘሻት ሚዛኑ ላይ ውጪ።”

“እኔ ግድግዳው ላይ የለሁም፣ ዶክተር።”

ሴትየዋ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየች። ዶክተሩ ጥርሱን ነክሶ ድመቷን ከካርቶኑ አወጣ፣ አቅፎ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ድመቷ ደረቱን ትቧጭራለች። ቁጥሩን ሊያይ ጎንበስ ቢል ሆዱ ከለከለው።

“ስንት ይላል?” አለ፣ ወደ ማንም ሳያይ።

ረዳቷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቀረብ ብላ አነበበችለት።

“ዘጠና ስምንት። የራስዎን ይቀንሱ።”

ዶክተሩ ግድግዳውን አየ። የእሱ ቁጥር አልተጻፈም፤ በአሥር ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሚዛኑ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ረዳቷ ለሴትየዋ ደህና ዋይ ብላት በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ደረጃው ላይ ስትደርስ ተቀመጠች፣ ለልጁ አባት ምን እንደምትለው ማሰብ ጀመረች።